ወይዘሮ ለተብርሃን ያልሠሩት ስህተት

ፋርማሲስቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ገርጂ ከፋርማሲያቸው ጀርባ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የልብ ሕመም እንዳለባቸው ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ የራሳቸውን ኪኒን ሰዓት ጠብቀው እየዋጡ በእኛ ትኩሳት ሲጨነቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥርዓተ ቀብራቸው ረቡዕ ዕለት ልጆቻቸው፣ የዕድር ወዳጆቻቸውና የሰፈሩ ሰው በተገኙበት ተፈጽሟል። ያልሰማችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙ። የሰማችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ይህን የጻፍኩት መርዶ ለመንገር ብቻ አይደለም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር።

«ደግ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለ አንደኛው።

«ደግስ ደግ ነበሩ። ያቺ የወባ መድኃኒት ነገር ባትኖር» አለ ሌላው። «ሰው ሊገድሉ ነበር እኮ!»

ዞር ብዬ አየሁት። የማላውቀው ሰው ነው።  እጄ ላይ የነበረውን ንፍሮ አፌ ውስጥ ጨምሬ ዝም አልኩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ብቀመጥም ብቆምም አልሆንልኝ ብሏል፤ ሥራ ላይ ሆኜ አንድ ማዘዣ ሦስት ጊዜ አነባለሁ፣ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

ያን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም። የመታሰቢያ ጽሑፍ በሟች መልካምነት እንደሚጀመር አላጣሁትም፤ እመጣበታለሁ። ይህ ሳይነገር ግን የእሳቸውን መልካምነት ማንም በልኩ ሊያየው አይችልም።

ስሜ ሰላማዊት ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ ገርጂ ኮንዶሚኒየሙ ፊት ለፊት ባለው ፋርማሲያቸው ተቀጠርኩ፤ እነሆ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እኛ ሠራተኞቹ «እትዬ ለተ» እንላቸው ነበር። ደንበኛው ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ልማድ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል እሳቸውንም እንደዚያው ይጠራቸዋል። «ዶክተሩስ ወንድሜ ነው፤ እሱም የከብት» ብለው ያርሙታል። ሰውየው በሚቀጥለው ቀን መጥቶ «እንዴት አደሩ ዶክተር» ይላቸዋል።

እትዬ ለተን የማያውቅ ሰው ቢኖር አንድ ልማዳቸውን ልንገረው። ከምሳ በኋላ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ከመደርደሪያው ሁለት መድኃኒት ያወርዱና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያቆማሉ። «አወዳድሪልኝ» ይላሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ከመድኃኒቱ ስም በቀር ሁሉም በአማርኛ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ካመለጠችኝ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። መጀመሪያ ሰሞን በጣም እናደድ ነበር። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ ተፈትኜ፣ አሁን እንደ ፊደል ቆጣሪ የምንተባተበው ለምንድን ነው? አንድ ቀን ይህንኑ ብላቸው «በእንግሊዝኛ ያላወቁትን መሸፈን ይቻላል፤ በአማርኛ ግን በሽተኛው ራሱ ያጋልጥሻል» አሉኝ።

የሚጠይቁትም ሦስት ነገር ነበር። ይህ መድኃኒት ማንን ነው የሚያሳድደው? የት ያገኘዋል? ምን ትቶ ይመለሳል?

ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል ያቆማሉ እንበል። ሲፕሮው ባክቴሪያ ይገድላል እላለሁ፤ ሜትሮኒዳዞሉ አሜባና ጃርዲያን። «እነሱን ብቻ?» ይሉኛል። አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል እላለሁ። «ወባንስ?» ሁለቱም አያድኑም። «ኮሶንስ?» እሱንም ሁለቱም አያድኑም። «ታዲያ ሆዱን ያመመው ሁሉ ስማቸውን እየጠራ የሚመጣው ምን ስላደረጉለት ነው?» ብለው ይስቃሉ። ዶክሲሳይክሊን ሲሆን ደግሞ ለየት ያለ ፈገግታ አላቸው። ቅማል የሚያመጣውን ታይፈስ ያክማል፤ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰውም ወባን እንዲከላከልለት ይወስደዋል። «ይሄ ሁለት ቤት የሚያመሽ ነው፤ ያመሸበት ሁሉ ግን ቤቱ አይደለም። ወባ ለያዘው ሰው እሱን ብቻውን ይዘሽ እንዳትወጪ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጎረምሳ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ገባ። «እህቴ፣ አትላስ ሰፈር ጥሬ ሥጋ አብዝቼ ሆዴ ሼም እያስያዘኝ ነው። ሲፕሮ ስጪኝ በናትሽ፣ ፈጣኑን!» አለኝ። እትዬ ለተ ከውስጥ ወጡና «ምን አየህ ልጄ?» አሉት። ግራ ቀኙን ቃኝቶ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። «ይሄማ ኮሶ ነው! ሲፕሮና ኮሶ ከየት ይተዋወቃሉ?» አሉ፤ ያውም ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ። ልጁ መነጽር ማድረጉ በጀው። ሰገራውን አስመርምሮ ማዘዣ ይዞ ሲመለስ ግን ቆመው ተቀብለውት፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሁለት ጊዜ አስደግመው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፋርማሲ ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ማስደገም ሌላው ልማዳቸው ነበር። ማንበብ ለማይችል ካርቶኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይስሉለታል። በሦስተኛው ቀን ይደውሉና «ጨረሱት ወይስ ተሻለኝ ብለው ለጎረቤት አስቀመጡት?» ይላሉ። ስንቱ ሰው ደንግጦ «እንዴት አወቁ?» እንዳላቸው እኔ ምስክር ነኝ። «እንጀራ ይካፈሏል፤ መድኃኒት ግን አይካፈሉም» የሚለው ቃላቸው በግማሽ ገርጂ ይታወቃል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ፤ እየዞርኩ መሆኔ ይታወቀኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እትዬ ለተ ወሎ ሰፈር ለቅሶ ሄደው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አቶ ማርቆስ የሚባሉ ቀያሽ ገቡ። ከፊት ለፊታችን ካለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስቴር ጋር የሚኖሩ፣ ከወደ ሶዶ የመጡ፣ ሲገቡም ሲወጡም «ጌታ ይባርክሽ» የሚሉ ሰው ናቸው። ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ከርመው ወባ ይዟቸው ነበር። እዚያው ጤና ጣቢያ ክሎሮኪን ወስደው ትኩሳቱ ለቋቸዋል። የቀረውን፣ ፕሪማኩዊን የሚባለውን የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት፣ አዲስ አበባ እንዲወስዱ ታዞላቸዋል።

ፕሪማኩዊን አልነበረንም። «የለንም» ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ናት። እኔ ግን «የለንም» ማለት የማልወድ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ሰውየው ደክመዋል፣ ከሜክሲኮ ጀምሮ አራት ፋርማሲ ዞረው አጥተዋል። ክሎሮኪን መደርደሪያው ላይ አለ። ማዘዣውን የጻፈውን ሐኪም ሳልጠይቅ አወረድኩና «ያው ነው፤ ሁለቱም የወባ ነው» አልኳቸው።

ሁለቱም የወባ መድኃኒት መሆናቸው እውነት ነው። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ወባ ያጠፋል፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ግን እንደተኛ ይተወዋል። የተኛው ደግሞ ከወራት በኋላ ነቅቶ ደም ውስጥ ይገባል። ፕሪማኩዊን የታዘዘው ያንን እንዲያጠፋ ነበር። ይህን እኔ አላውቅም? በፈተና ብጠየቅ አንድም አልስትም ነበር። የእትዬ ለተን ሦስተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን በዚያች ሰዓት አልታገሥኩም። መዝገቡ ላይ የሰጠሁትን ጽፌ ፈረምኩ። አቶ ማርቆስ መርቀውኝ ወጡ።

ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ወይዘሮ አስቴር መጡ። ከስተዋል። የያዙት የታይፎይድ መርፌ ማዘዣ ነበር፤ ለአቶ ማርቆስ። እትዬ ለተ ተቀብለው አዩትና አላስቀመጡትም።

«ይሄ ስንተኛቸው ነው?» አሉ።

«ሦስተኛቸው። መጀመሪያ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባሉ። ይተዋቸውና መልሶ ያንቀጠቅጣቸዋል። ሥራቸውንም ለሌላ ሰው ሰጡባቸው።»

«ወባ ታይቶላቸዋል?»

«አዲስ አበባ ወባ የለም ብለውን…»

«ወባው አዲስ አበባ አልመጣም፤ እሳቸው ናቸው ይዘውት የመጡት» አሉ እትዬ ለተ። ወዲያው መዝገቡን ስበው ወደ ኋላ ገለጡ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ሄዶ ፊርማዬ ላይ ሲቆም አየሁት። ቀና ብለው አላዩኝም። መዝገቡን ዘጉት።

«ወይዘሮ አስቴር፣» አሉ፣ «ባለቤትዎ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ከዚህ ቤት አላገኙም። ሌላ ነው የተሰጣቸው። ወባው አገርሽቶባቸዋል ብዬ እገምታለሁ። አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸውና ደማቸው ለወባ ይታይ በሏቸው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

 «እርስዎ?» አሉ ወይዘሮ አስቴር። «እኛ እኮ ለጎረቤት ሁሉ እዚህ ሂዱ የምንል ነን።»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ለተ ደግመው።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ከሁለቱም አንድ እርምጃ ርቄ።  «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል የእኔ ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አልወጣም። በዚያ ላይ አልደብቃችሁም፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ እፎይታ ነው። ኀፍረቱ የመጣው በኋላ ነው።

የደም ምርመራው ወባ መሆኑን አሳየ። አቶ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝተው ታከሙ። ፕሪማኩዊን የማይስማማው ደም ያለው ሰው ስላለ እሱም ተመረመረላቸውና የአሥራ አራቱ ቀን መድኃኒት እንደገና ታዘዘ። እትዬ ለተ በየቀኑ ፋርማሲውን ለእኔ ትተው መንገዱን ተሻግረው በዚያች ልባቸው አራት ፎቅ ይወጡ ነበር። «መድኃኒቱን ዋጡ? ሽንታቸው እንደ ሻይ አልጠቆረም? ዓይናቸው ቢጫ አልሆነም?» ብለው ጠይቀው ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወይዘሮ አስቴር በሩን ከፈት አድርገው ነበር የሚመልሱላቸው። እትዬ ለተ ግን አልቀሩም። ሲመለሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ውሃ እሰጣቸው ነበር። ማድረግ የቻልኩት ያንን ያህል ነው፤ ውሃ መስጠት።

አቶ ማርቆስ ዳኑ፤ ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ። «ያቺ ፋርማሲ መድኃኒት ታሳስታለች» ተባለ። የወይዘሮ አስቴር የቤተ ክርስቲያን እህቶች በራችን ላይ አልፈው ታች ያለው ፋርማሲ መሄድ ጀመሩ። እትዬ ለተ በመስታወቱ ያዩአቸዋል። «ልክ ናቸው፤ መጠንቀቅ አለባቸው» ይላሉ።

አንድ ቀን ጨክኜ «ለምን እንዲህ አደረጉ?» አልኳቸው። የመድኃኒት ሣጥን እየከፈቱ ነበር። «ፈቃዱ በእኔ ስም ነው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው» አሉ። ሣጥኑን ከፍተው ሲጨርሱ ደግሞ «ያን ዕለት ባሳጣሽ ኖሮ ሌላ ቦታ ተቀጥረሽ ስህተትሽን ትደብቂ ነበር። እዚህ ከሆንሽ ግን በየቀኑ ታይዋለሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በሕይወታቸው አላነሱትም። ከምሳ በኋላ ሁለት መድኃኒት አቁመው «አወዳድሪልኝ» ማለታቸውን ግን አልተዉም፤ ፕሪማኩዊንና ክሎሮኪንን ግን አንድም ቀን አላቆሙብኝም። ቢያቆሙብኝ በወደድኩ ነበር።

ከድንኳኑ ወሬ በኋላ አርብ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ያን ደረጃ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ወይዘሮ አስቴር ከፈቱልኝ፤ አቶ ማርቆስ ሥራ ነበሩ፣ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ነው የሚሠሩት። «ግቢ» አሉኝ። ቆሜ ነገርኳቸው። ከ«ያው ነው» ጀምሬ እስከ ድንኳኑ ድረስ፣ ምንም አላስቀረሁም።

አላለቀሱም፣ አልጮኹም። «ሦስት ዓመት» አሉ።

«አዎ።»

«ድንኳኑን ከዚህ መስኮት አይቼዋለሁ» አሉ። «ነጠላዬን አነሣሁ። መልሼ ሰቀልኩት። ባለቤቴን ያሳመሙ ሴት ናቸው፣ ሌላው ይቅበራቸው አልኩ። አሥራ አራት ቀን ደረጃዬን የወጡ ሴትዮ! መንገድ ተሻግሬ አልቀበርኳቸውም።» ወደ ተሰቀለው ነጠላ አዩ። «የመድኃኒቱን ነገርማ ድሮ በጸሎት ይቅር ብዬዋለሁ፤ እሳቸውንም አንቺንም፣ ማንም ይሁን። ለቅሶ ያስቀረሽኝን ግን ምን ላድርገው? እሱን ንገሪኝ እስቲ።»

 

ወይዘሮ አስቴር ተነሥተው ነጠላቸውን ወሰዱ። «ልጆቻቸው ቤት ናቸው?» አሉ። አብረን ወረድን። መንገድ ስንሻገር እጃቸውን ልይዝ ብል ሸሸት አሉ። ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ እየተጫነ ነበር። እሳቸው ገብተው የእትዬ ለተን ትልቋን ልጅ አንገቷን አቅፈው ሲያለቅሱ እኔ በር ላይ ቀረሁ። በኋላ ለልጆቻቸውም ነገርኳቸው። ትልቋ ልጅ «ጻፊው» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

እትዬ ለተ፣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። አንድ ቀን «ተናገሪ» ይሉኛል ብዬ ሦስት ዓመት ጠበቅኩዎት። እርስዎም በራሴ እስክናገር ሲጠብቁኝ ነበር መሰለኝ፤ እንዲህ ስንጠባበቅ ሞት ቀደመን። እውነቱን ልንገርዎትና ተቆጥቼብዎታለሁ። ቢገሥጹኝ ኖሮ፣ ቢያባርሩኝ ኖሮ፣ ያን ሰው ድንኳንዎ ውስጥ እንዲያ ሲናገር ባልሰማሁት። ደግሞ በማን ላይ እንደምቆጣ ሳስበው ይብስብኛል። ክሎሮኪኑን የሰጠሁት እኔ ሰላማዊት ነኝ፤ ይህን ያነበበ ሁሉ ላላነበበው ይንገርልኝ። እርስዎ በሰላም ይረፉ፤ እኔ ገና ነኝ። ወይዘሮ አስቴር «እኛ ዘንድ ተዝካር ባይኖርም ለአርባቸው እመጣለሁ» ብለዋል። ከእኔ አጠገብ እንደማይቀመጡም ነግረውኛል። ይሁን፤ እርስዎ ዘንድ ይምጡ እንጂ።